ተማሪን ለዩኒቨርሲቲ ማብቃት ከ9ኛ ክፍል ይጀምራል፦ ለጎጃም ወረዳዎችና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ሲጀምር፣ በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። መሻሻል አለ፤ ሆኖም በ2017ም ከ10 ተፈታኞች 9ኙ ከማለፊያው በታች ነበሩ።

ውጤት በወጣ ማግሥት በየወረዳው የሚወሰደው እርምጃ ተመሳሳይ ነው። ከየካቲት በኋላ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ቅዳሜና እሑድ ማጠናከሪያ ይገባል፣ የቆዩ ፈተናዎች ይባዛሉ፣ ሞዴል ፈተና ይደጋገማል። ይህ ድካም ለማለፊያው የተቃረቡ ጥቂት ተማሪዎችን ያሻግራል፤ ብዙኃኑን ግን አያነሣም። ምክንያቱም ተማሪው የጎደለው የ12ኛ ክፍል ትምህርት ብቻ አይደለም። 12ኛ ክፍል ላይ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ አንብቦ የማይረዳ፣ ክፍልፋይ መደመር የሚያሳስተው፣ ከ7ኛና ከ8ኛ ክፍል ይዞት የመጣ ክፍተት ያለበት ተማሪ ነው። ክፍተቱ በጊዜ ካልታወቀ በላዩ የሚጫነው ሁሉ አይቆምም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች፣ ለጉድኝት ሱፐርቫይዘሮች (ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶችን በቡድን ለሚከታተሉ)፣ ለርዕሳነ መምህራንና ለትምህርት ክፍል ተጠሪዎች ነው። ሥራው ሁለት ምሰሶ አለው። አንደኛው፣ ክፍተቱን 9ኛ ክፍል በር ላይ መለካትና በዚያው ዓመት መጠገን ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ወረዳ ብቻውን የማይችለውን ጎረቤት ወረዳዎች ተባብረው መሥራት ነው።

1. ጎረቤት ወረዳዎችን በአንድ ስምምነት ማሰባሰብ

ከ3 እስከ 5 ተጎራባች ወረዳዎች ይበቃሉ። ለምሳሌ እነማይ፣ ደባይ ጥላትግን፣ እናርጅ እናውጋና ሸበል በረንታ አንድ ቡድን ሊሆኑ ይችላሉ፤ በምዕራብ በኩል ጃቢ ጠህናን፣ ደምበጫ፣ ቋሪትና ቡሬ ሌላ ቡድን። ከ5 ወረዳ በላይ ሲሆን ስብሰባው ይበዛል፣ ሥራው ይጎተታል። ቡድኑን ለማቋቋም አዲስ መዋቅር አያስፈልግም፤ የዞኑ ትምህርት መምሪያ የሚያውቀው፣ የወረዳ ኃላፊዎች የፈረሙበት የሁለት ገጽ ስምምነት ይበቃል።

በስምምነቱ ውስጥ 4 ነገሮች ይጻፉ፦ በሁሉም ወረዳ የሚሰጥ አንድ ዓይነት የመግቢያ ምዘና፣ አንድ የጊዜ ሰሌዳ፣ አንድ የውጤት መመዝገቢያ ቅጽ፣ እንዲሁም በምዘናው ውጤት ወረዳንም ትምህርት ቤትንም መምህርንም ደረጃ ላለማውጣት የሚገባ ቃል። አራተኛው ነጥብ እንደ ቀላል ነገር ይታለፋል፤ ግን ሥራውን የሚያድነውም የሚገድለውም እሱ ነው። «አንደኛ የወጣ ትምህርት ቤት» ተብሎ በጉባኤ ላይ ሽልማት የተሰጠ ቀን፣ በቀጣዩ ዓመት ጥያቄው ከፈተናው በፊት ተማሪ እጅ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚሰበሰበው ቁጥር ሁሉ ዋጋ የለውም።

ኮሚቴው 7 ሰው ይሁን፦ 2 የሂሳብ፣ 2 የእንግሊዝኛ፣ 1 የፊዚክስ ወይም የኬሚስትሪ መምህር፣ 1 ሱፐርቫይዘርና 1 የወረዳ የፈተና ባለሙያ። የሂሳብና የእንግሊዝኛ መምህራኑ በዚያ ዓመት 9ኛ ክፍል የሚያስተምሩ ቢሆኑ ይመረጣል። ከቢሮ ሰዎች ብቻ የተዋቀረ ኮሚቴ ጥሩ ዕቅድ ይጽፋል፤ ተማሪ የትኛውን የተሳሳተ መልስ ለምን እንደሚመርጥ ግን አያውቅም።

2. የ9ኛ ክፍል መግቢያ ምዘና

በገጠር ትምህርት ቤት መስከረም መጀመሪያ ላይ የተመዘገበው ሁሉ ክፍል ውስጥ አይገኝም። ተማሪው ተሟልቶ የሚረጋጋው ከመስቀል በኋላ ስለሆነ፣ ምዘናውን ከመስቀል በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሳምንት በሁሉም ወረዳ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ስጡ።

ምዘናው 40 ጥያቄ፣ 80 ደቂቃ ይሁን። ሂሳብ 20፦ 4 የአሉታዊና አዎንታዊ ቁጥር ስሌት፣ 4 ክፍልፋይ፣ 3 መቶኛና ምጥጥን፣ 3 የመለኪያ ቅየራ፣ 4 ቀላል እኩልዮሽ፣ 2 ሠንጠረዥና ግራፍ ማንበብ። እንግሊዝኛ 20፦ 6 ከአጭር ምንባብ የሚወጡ፣ 6 ሰዋስው፣ 5 የቃላት፣ 3 ደግሞ የፈተና ትእዛዝ መረዳትን የሚለኩ። የጥያቄው ክብደት ከ7ኛና ከ8ኛ ክፍል አይለፍ። የምንፈልገው የጎበዙን ከፍታ ሳይሆን መሠረቱ የት ላይ እንደተሰነጠቀ ነው።

ትልቁ ጥበብ ያለው የተሳሳቱት ምርጫዎች አወጣጥ ላይ ነው። «ሁለት ሦስተኛ ሲደመር አንድ አራተኛ» ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ 11/12 ነው። ከምርጫዎቹ አንዱን 3/7 አድርጉ፤ እሱን የመረጠ ተማሪ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሯል። ሌላውን 3/12 አድርጉ፤ እሱን የመረጠ የጋራ ታህት አግኝቷል፣ ላዕሉን ማስተካከል ግን ረስቷል። ሁለቱም ዜሮ ያገኛሉ፤ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። «ኔጌቲቭ 7 ሲደመር 4» ላይም እንዲሁ፦ ኔጌቲቭ 11ን የመረጠ ምልክቱን ትቶ ደምሮ ምልክቱን መልሶ ለጥፏል፤ 3ን የመረጠ ምልክቱን ጥሏል። የቃል ጥያቄዎች ከተማሪው ሕይወት ይውጡ፤ ከ1 ቃዳ 4 ኩንታል ጤፍ ከተገኘ በዚያው ምርት ከ1 ሄክታር ስንት ይገኛል ቢባል፣ ቃዳ ሩብ ሄክታር መሆኑን ያደገበት ስለሚያውቀው በምጥጥኑ ብቻ ይፈተናል። በዘፈቀደ የተሞላ ምርጫ ያለው ምዘና ተማሪው መሳሳቱን ይነግራችኋል፤ ምን እንደሚታከም ግን አይነግራችሁም።

ወረቀት በየትምህርት ቤቱ ችግር ነው። 40ው ጥያቄ በ4 ገጽ ከገባና ፊትና ጀርባ ከታተመ ለአንድ ተማሪ 2 ወረቀት ይወስዳል፤ 500 ወረቀት ያለው አንድ ደስታ 250 ተማሪ ይፈትናል ማለት ነው። መልስ መስጫው የግማሽ ወረቀት ስፋት ይበቃዋል። ጥያቄውን በሁለት ፈረቃ እያዘዋወሩ ለመጠቀም አትሞክሩ፤ የጠዋቱ ፈረቃ ለከሰዓቱ ይነግራል። ፈታኞችን ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደሌላው ቀይሩ። እርማቱ በዚያው ቀን ትክክለኛ መልሶቹ ላይ በተበሳ ካርቶን ይጠናቀቅ።

የተጻፈው ምዘና የማይለካው አንድ ነገር አለ፤ ንባብ። ለዚህ ከ7ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ 120 ቃል ያህል ያለው አንቀጽ ምረጡና እያንዳንዱ ተማሪ ለ1 ደቂቃ ጮክ ብሎ ያንብብ። መምህሩ በትክክል የተነበቡትን ቃላት ይቆጥራል፤ ከዚያ 3 ጥያቄ በቃል ይጠይቃል፣ መልሱን በአማርኛ ይቀበላል። ለአንድ ተማሪ 3 ደቂቃ ይበቃል፤ 60 ተማሪ ያለበትን ሴክሽን 3 መምህራን በ1 ሰዓት ይጨርሳሉ። እንደ መነሻ፣ በደቂቃ ከ60 ቃል በታች ያነበበውን በመጀመሪያው ቡድን፣ ከ60 እስከ 90 ያነበበውን በሁለተኛው፣ ከዚያ በላይ ያነበበውን በሦስተኛው አስቀምጡ። በፍጥነት አንብቦ አንድም ጥያቄ ያልመለሰ ተማሪ ካጋጠማችሁ ወደ ሁለተኛው ቡድን መልሱት፤ ድምፁን እንጂ ትርጉሙን አላነበበም።

3. ውጤቱን ማንበብ

ብዙ ትምህርት ቤት እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ድምሩን ብቻ ይመዘግባል። «ከበደ 18 ከ40» የሚለው መረጃ ለማንም አይጠቅምም። ቅጹ ወደ ታች የተማሪ ስም፣ ወደ ጎን 40 ዓምድ ይኑረው፤ ለትክክል 1፣ ለስህተት የመረጠው ፊደል ይጻፍ። ኮምፒውተር ካለ በኤክሴል፣ ከሌለ በሮስተር (በተማሪዎች ውጤት መመዝገቢያ) ወረቀት ይሠራል።

ከዚያ ወደ ታች ቁጠሩ። አንድን ጥያቄ ከሴክሽኑ ከግማሽ በላይ ተማሪ ከሳተው፣ ያ ርዕስ በመደበኛው ክፍለ ጊዜ ለሁሉም እንደገና ይሰጥ። ከግማሽ በታች ከሆነ የሳቱት ተለይተው በትንሽ ቡድን ይያዙ። ይህች አንድ ሕግ የመምህሩን ጊዜ በእጅጉ ትቆጥባለች፦ ሁሉም የሚያውቀውን ደግሞ ከማስተማር፣ ሁሉም የማያውቀውን ደግሞ ከመዝለል ታድነዋለች። ቡድኑ የሚመሠረተው በጎደለው ነገር እንጂ በደረጃ አይሁን። «የደካማ ቡድን» የሚል ስም የተሰጠው ቡድን ውስጥ ማንም ልጅ መግባት አይፈልግም፤ ሴቶቹ ደግሞ ቀድመው ይቀራሉ። «የክፍልፋይ ቡድን»፣ «የንባብ ቡድን» በሉት።

4. የጥገናው ጊዜ፦ ከአዝመራው ጋር ታርቆ

ማጠናከሪያ ትምህርት የሚከሽፈው ብዙ ጊዜ በሰዓቱ ምርጫ ነው። ቅዳሜ በብዙ ቦታ የገበያ ቀን ነው፤ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማረው የገጠር ልጅም ቅዳሜና እሑድ ለሳምንት የሚሆነውን ስንቅ ሊያመጣ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። በዚያ ቀን የተጠራ ማጠናከሪያ የሚያገኘው የከተማውን ልጅ ብቻ ነው፤ በጣም የሚያስፈልገው ግን በመንገድ ላይ ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ የተጠራም ሩቅ የሚሄዱትን፣ በተለይ ሴቶችን ያስቀራል።

ስለዚህ ጥገናው በሳምንቱ የሥራ ቀናት ውስጥ ይግባ፦ ሂሳብ 3፣ እንግሊዝኛ 3 ክፍለ ጊዜ። ሁለቱ ከራሱ ከትምህርቱ መደበኛ ክፍለ ጊዜ ይወሰዱ፤ አራቱ ከመደበኛው ፈረቃ በፊት ወይም በኋላ በሚጨመር 40 ደቂቃ። ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 20 ገደማ 7 ሳምንት አለ። ከዚያ በኋላ የጤፍ አጨዳውና ውቂያው ይመጣል፤ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ መቅረት ይበዛል። በዚህ ወቅት አዲስ ከባድ ርዕስ አትጀምሩ፤ ልምምድና ክለሳ ይሁን። ቀሪውን 5 ሳምንት ከሁለተኛው ሴሚስተር መጀመሪያ ላይ ውሰዱ። በድምሩ 12 ሳምንት፣ ለእያንዳንዱ ትምህርት 36 ክፍለ ጊዜ ይሆናል። ቆላውና ደጋው የሚያጭዱበት ጊዜ ስለሚለያይ፣ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርዱት የሸበል በረንታና የደጀን ቀበሌዎችና በጮቄ ዙሪያ ያሉት እንደ ስናን ያሉ ወረዳዎች የሰሌዳውን ቀን በ2 ወይም በ3 ሳምንት ያንሸራትቱት።

5. ሂሳብ፦ ሰንሰለቱን መከተል

የ12ኛ ክፍል ሂሳብ ካልኩለስ የሚያስተምር መምህር ተማሪዎቹ «ሊሚት አይገባቸውም» ሲል ይሰማል። አንድ ጥያቄ እንውሰድ፦ ላዕሉ «ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 9»፣ ታህቱ «ኤክስ ሲቀነስ 3» የሆነ፣ ኤክስ ወደ 3 ሲጠጋ። መልሱ 6 ነው። ተማሪው 3ን በቀጥታ ሲተካ ዜሮ በዜሮ ያገኝና «መልስ የለውም» ብሎ ይዘጋል። ሊሚት ምን እንደሆነ ሊነግራችሁ ይችላል፤ የጎደለው ላዕሉን ወደ «ኤክስ ሲቀነስ 3» እና «ኤክስ ሲደመር 3» መበተን ነው። መበተን ያቃተው ማባዛትን በምልክት ስላላጠናከረ ነው፤ የተበተነውን ማጣፋት ያቃተው ደግሞ ክፍልፋይን ማቃለል ስላልገባው ነው። የ12ኛ ክፍል ስህተት ሥሩ 7ኛ ክፍል ላይ ነው።

ስለዚህ የ36ቱ ክፍለ ጊዜ አደላደል ይህን ሰንሰለት ይከተል፦ 6 ለምልክት ያላቸው ቁጥሮች፣ 8 ለክፍልፋይ፣ 5 ለምጥጥንና ለመቶኛ፣ 4 ለመለኪያ ቅየራ፣ 7 ለእኩልዮሽ፣ 6 ፋክተር ማድረግን (መበተንን) ለመጀመር። የመለኪያ ቅየራን የሂሳብና የፊዚክስ መምህር አብረው ይያዙት። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር በሰከንድ 20 ሜትር መሆኑን ራሱ ሠርቶ ያላገኘ ልጅ፣ የፊዚክስ ቀመሩን በቃሉ ቢይዝም መልሱ ይጠፋበታል።

እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ በ5 ደቂቃ የ4 ጥያቄ ፈጣን ልምምድ ይከፈት፣ ለ10 ደቂቃ መምህሩ ያስረዳ፣ 20 ደቂቃ ተማሪው ይሥራ፣ በመጨረሻው 5 ደቂቃ አንዲት ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት ተሠርታ ትሰብሰብ። መምህሩ 40ውንም ደቂቃ ሰሌዳ ላይ ከጻፈ ጥገና አልተደረገም፤ ተማሪው ጥሩ ማስታወሻ ብቻ ይዞ ይወጣል። በዚህ ደረጃ ካልኩሌተርና የስልክ መተግበሪያ አትፍቀዱ።

6. እንግሊዝኛ፦ የትምህርቱ ቋንቋ መሆኑን ማስታወስ

9ኛ ክፍል ሲደርስ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆናል። የእንግሊዝኛ መምህሩ ብቻውን ይህን ሊሸከም አይችልም። የየትምህርት ዓይነቱ መምህር በሳምንት 10 ቁልፍ ቃል ይምረጥ፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ፣ ፍቺው በአማርኛ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ከመጽሐፉ ጋር በአንድ ደብተር ይያዝ። በዓመት 30 የትምህርት ሳምንት ቢታሰብ ለአንድ የትምህርት ዓይነት 300 ቃል ይሆናል። አርብ አርብ ከ10ሩ 5ቱ በ5 ደቂቃ ይጠየቁ፤ ያልተጠየቀ ደብተር በኅዳር ይጠፋል።

ለፈተና ትእዛዝ ቃላት የተለየ ትኩረት ያስፈልጋል። «ከሚከተሉት ውስጥ ያልሆነው የቱ ነው» የሚል ጥያቄ በእንግሊዝኛ ሲመጣ፣ «ኖት» እና «ኤክሴፕት» የሚሉትን ቃላት ሳያይ አልፎ የመጀመሪያውን ትክክል የሚመስል ምርጫ የሚያጠቁር ተማሪ ብዙ ነው። ትምህርቱን አውቆ ነጥቡን ያጣል። እነዚህን ቃላት ሲያገኝ ከሥራቸው እንዲያሰምር ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አለማምዱት።

ንባብ በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ በጥንድ ይሁን። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይከታተላል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ። የ1 ደቂቃውን ንባብ በየ6 ሳምንቱ ድገሙት። በሁለት ተከታታይ ልኬት ምንም ያልተሻሻለ ተማሪ ካለ መጀመሪያ ዓይኑን አስመርምሩ፤ ሰሌዳ ወይም መጽሐፍ በደንብ የማይታየው ልጅ ለዓመታት «ሰነፍ» ሲባል የሚኖርበት ቦታ ብዙ ነው።

7. መምህርንና መሣሪያን መጋራት

አንዱ ወረዳ ትርፍ የባዮሎጂ መምህር ኖሮት የፊዚክስ መምህር ያጣል፤ ጎረቤቱ በተቃራኒው። ስምምነቱ ካለ መለዋወጥ ይቻላል። መምህሩን በየሳምንቱ አንድ ቀን ከማመላለስ ይልቅ የ3 ሳምንት ጥቅል አድርጉት፤ ሄዶ ከባዱን ምዕራፍ ጨርሶ ይመለሳል። ይህ የሚበላሽባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። መምህሩ ሲሄድ የራሱ ክፍል ባዶ ይቀራል፤ አበሉ ደግሞ በጀት ሳይያዝለት ይንጠለጠልና ሁለተኛ አይሄድም። ሁለቱም ከመሄዱ በፊት በደብዳቤ ይቋጩ፦ ማን ይተካዋል፣ አበሉ ከየትኛው ወረዳ የትኛው የበጀት ርዕስ ይከፈላል።

ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ሙከራ የለውም ማለት አይደለም። 1 ሜትር ክር ላይ ድንጋይ አስሮ ማወዛወዝና የ10 ውዝዋዜ ጊዜን መቁጠር ይቻላል፤ 20 ሰከንድ ያህል ይሆናል፤ ክሩ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ሲያጥር በግማሽ ይቀንሳል። ሁለት እኩል የተቆረጡ የድንች ቁራጮችን አንዱን በንጹሕ፣ ሌላውን ብዙ ጨው በገባበት ውሃ ውስጥ ለአንድ ሌሊት ማስቀመጥ ኦስሞሲስን በጣት ዳሰሳ ያሳያል። የቀይ ጥቅል ጎመን ጭማቂ ሎሚ ሲጨመርበት ወደ ቀይ፣ የአመድ ውሃ ሲጨመርበት ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። የአሲድና የቤዝ ምዕራፍ በዚህ ይከፈት።

ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳርና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች የማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍል አላቸው። «ድጋፍ ይደረግልን» የሚል ደብዳቤ ግን መልስ ቢያገኝ እንኳ አንድ ጉብኝትና አንድ ፎቶ ነው የሚያመጣው። እንዲህ ጻፉ፦ «ከየካቲት 10 እስከ 14 ለ5 ቀን፣ ለ4 ወረዳዎች 24 የፊዚክስ መምህራን በኤሌክትሪክ ምዕራፍ ላይ የተግባር ሥልጠና የሚሰጡ 2 መምህራን እንፈልጋለን፤ አዳራሽና ምሳ ከእኛ»። ቀኑ፣ ቁጥሩና ርዕሱ የተወሰነ ጥያቄ «እሺ» ወይም «አይቻልም» ይባላል፤ ሁለቱም ይጠቅማል።

8. የሚጠፋውን ተማሪ ቀድሞ ማየት

የክፍል ኃላፊ መምህሩ 3 ምልክት ይከታተል፦ በ2 ሳምንት ውስጥ 3 ቀን መቅረት፣ በሁለት የትምህርት ዓይነት ከ50 በታች መውረድ፣ ወይም ደብተርና መጽሐፍ ሳይዝ መምጣት። ከሦስቱ ሁለቱ የታዩበት ተማሪ በዚያው ሳምንት ይጠየቅ። ጥር የሰርግ ወር ስለሆነ፣ ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ የምትቀር ሴት ተማሪ ጉዳይ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ አይቆይም፤ የወላጅ መምህር ኅብረቱና የቀበሌው የሴቶች ጉዳይ ተወካይ ቤቷ ድረስ ይሂዱ። ከሰርጉ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ አይመልሳትም።

ቤት ተከራይተው የሚኖሩትን ልጆች ደግሞ ትምህርት ቤቱ መዝግቦ ይያዛቸው፦ የት፣ ከማን ጋር፣ የአከራዩ ስልክ። ስንቁ በሐሙስ ያለቀበት ልጅ ዓርብ ክፍል ውስጥ ቢገኝም አይማርም። መብራት ያለው አንድ ክፍል እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ ለጥናት ክፍት ይሁን፤ ጥበቃና አንድ ተረኛ መምህር ይመደብለት፣ ሴቶች በቡድን የሚመለሱበት መንገድም ይታሰብ።

9. ትምህርት የተቋረጠባቸው ትምህርት ቤቶች

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት በጎጃም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ የተጎዱም አሉ። አንድ ወይም ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጦ የተመለሰን ተማሪ ምንም እንዳልሆነ ቆጥሮ ካቆመበት ገጽ መቀጠል በጣም ይጎዳዋል። የ40ውን ጥያቄ ምዘና በየትኛውም ክፍል ይሁን ለተመላሾች ሁሉ ስጡ። ከዚያ ለ12 ሳምንት ሂሳብና እንግሊዝኛ ከጠቅላላው ክፍለ ጊዜ ግማሹን ይያዙ፤ ከሌሎቹ ትምህርቶች ለቀጣዩ ክፍል መሠረት የሆኑት ምዕራፎች ብቻ ተመርጠው ይሰጡ። ምርጫውን የወረዳዎቹ የጋራ ኮሚቴ ያድርገው፤ እያንዳንዱ መምህር በየራሱ ከዘለለ በ11ኛ ክፍል የሚገናኙት ተማሪዎች የተለያየ ክፍተት ይዘው ይመጣሉ። የተፈናቀለ ተማሪ የቀድሞ ትምህርት ማስረጃው ባለመምጣቱ በር ላይ አይመለስ፤ በምዘናው ተመድቦ ይግባ፣ ማስረጃው ከኋላ ይፈለግ።

10. 12ኛ ክፍል

መሠረቱ ከተሠራ የ12ኛ ክፍል ሥራ ቀላል ይሆናል። ሞዴል ፈተና 3 ይበቃል፦ ኅዳር፣ የካቲትና ግንቦት። ከእያንዳንዱ በኋላ ውጤቱ በጥያቄ ተተንትኖ ቢያንስ 2 ሳምንት ለእርማት ይሰጥ። በየወሩ ሞዴል ፈተና የሚሰጥ ትምህርት ቤት ተማሪውን ደጋግሞ ይለካዋል፤ የሚያስተምርበት ጊዜ ግን አይቀረውም። ተፈታኙ የሚቀመጠው ለ6 ትምህርት፣ ከ600 ነው፤ ማለፊያው 300። ሂሳብ፣ እንግሊዝኛና ስኮላስቲክ አፕቲትዩድ (አጠቃላይ የማሰብ ችሎታን የሚለካው ፈተና) ለተፈጥሮም ለማኅበራዊ ሳይንስም ስላሉ ግማሹ ነጥብ፣ 300ው፣ በነዚህ ሦስቱ ላይ ነው። ስለዚህም ነው ይህ መመሪያ በሂሳብና በንባብ ላይ ይህን ያህል የቆየው።

ከ2016 ጀምሮ የተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር ተፈትነዋል። ማውዝ ይዞ የማያውቅ ልጅ ፈተናው ላይ መማር የለበትም። ለእያንዳንዱ ተፈታኝ 4 ጊዜ፣ አንድ አንድ ሰዓት ይበቃዋል፦ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ማስገባት፣ ምርጫ መለወጥ፣ ወደ ታለፈ ጥያቄ መመለስ፣ ማስረከብ። 10 ኮምፒውተር ባለበት ክፍል 100 ተማሪ በ40 ሰዓት ይዳረሳል።

የስም ጉዳይ ቀላል መስሎ ዓመት ያስከፍላል። የ8ኛ ክፍል ካርዱ፣ ሮስተሩ፣ የፈተና ምዝገባውና የፋይዳ መታወቂያው ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ስም አጻጻፍ አንድ ፊደል ሳይለያይ መግጠም አለበት። ይህን በጥቅምት አንድ ቀን መድባችሁ ተማሪው በፊርማው እንዲያረጋግጥ አድርጉ። ከምዝገባ መዝጊያ በኋላ የሚደረግ ማስተካከያ ብዙ መንከራተት አለበት። ወደ ፈተና ሲጓዙም መግቢያ ካርድ፣ መታወቂያ፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ ይያዙ፤ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን ለወላጅም ጭምር አስረዱ።

11. ከውጤት በኋላ

ውጤት ሲወጣ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ ምክር የሚሰጥ ሰው አይገኝም። በውጤት ሳምንት በየትምህርት ቤቱ 2 ተረኛ መምህራን ይመደቡ። 300ና ከዚያ በላይ ያመጣው የዩኒቨርሲቲና የትምህርት መስክ ምርጫውን ይሞላል። ከዚያ በታች ሆኖ በዓመቱ የተወሰነውን መቁረጫ ያሟላው ወደ አቅም ማሻሻያው፣ ሬሜዲያል ወደሚባለው ፕሮግራም ይገባል፤ እዚያም የሚጠብቀው እንግሊዝኛና ሂሳብ ስለሆነ ጊዜውን በባዶ እንዳያሳልፍ ደብተሩን ይዞ ይቆይ። ለቀሩት ፖሊቴክኒክ ኮሌጆችና የደብረ ማርቆስ፣ የፍኖተ ሰላምና የእንጅባራ መምህራን ትምህርት ኮሌጆች መንገዶች ናቸው፤ የምዝገባ ቀናቸውን ልጁ ከወሬ ሳይሆን ከተረኛው መምህር ይስማ።

የገቡትንም አትተዋቸው። በአንደኛ ዓመት ሎጂክ፣ ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ ሂሳብና ሌሎች የጋራ ኮርሶችን ይወስዳሉ፤ የትምህርት ክፍል ምደባቸውም በዚያ ዓመት ውጤት ላይ ይመሠረታል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ ከየትምህርት ቤቱ 10 ልጆች ስልክ ተደውሎላቸው 3 ጥያቄ ይጠየቁ፦ የትኛው ኮርስ ከበደህ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያልተማርከው ምን አጋጠመህ፣ በሳምንት ስንት ገጽ ታነባለህ። መልሱ በአንድ ገጽ ተጠቃሎ ለጋራ ኮሚቴው ይድረስ። ኮሚቴው በሰኔ ሲሰበሰብ ከ40ው ጥያቄ የትኞቹ እንደሚወጡና የትኞቹ እንደሚገቡ የሚወስነው ይህን ገጽና የዓመቱን የስህተት ቅጽ ጎን ለጎን አስቀምጦ ነው።